የቅድመ አያቴ የርስት ውል ሚኒሶታ ተገኘ፦ ስለ ኮሌጅቪሉ የብራና ቤተ መጻሕፍት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የአያት የቅድመ አያታችሁን ነገር በጽሑፍ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በተለይ ዘራችሁ ከሸዋ የሚመዘዝ ከሆነ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘውን የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ሳታዩ አትለፉ። በአካል መሄድ የማይመቻችሁ በስልካችሁ መግባት ትችላላችሁ። ምዝገባው በነጻ ነው። ከ5 ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ብትሉኝ 4 ተኩል እላለሁ። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ኮሌጅቪል ከእኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአፍንጫዬ ሥር መኖሩን የነገረኝ ግን ሐበሻ አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ፣ እዚያው ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ አሜሪካዊ ነርስ ነው። «እኛ ትምህርት ቤት የእናንተ አገር መጻሕፍት ሞልተዋል» ሲለኝ ለጨዋታ ያህል መስሎኝ ነበር። ማታ ተረኛ ሆኜ እረፍት ሳገኝ ስልኬን ከፍቼ አየሁ። በዚያው ሌሊቱ ነጋ።

ይህን የምጽፈው የቤተሰብ ጉዳይ ይዘው ለሚገቡ ሰዎች ነው። የገድልና የድርሳን ተመራማሪዎች መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የሄድኩት የእናቴ ወገኖች ሸዋ ውስጥ ቡልጋ ላይ ነበራቸው ስለሚባል ርስትና ስለ ትውልድ ሐረጋቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ባገኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የሌላው አገር ሰው የቤተሰብ ሰነድ ልፈልግ ብሎ የኮሌጅ መዝገብ ቤት ሲሄድ ሳጥን ያወጡለታል። ሳጥኑ ውስጥ ደብዳቤ፣ ኑዛዜ፣ የሒሳብ ደብተር አለ። የእኛ አያቶች ግን ማዘጋጃ ቤት ሄደው ልደት አላስመዘገቡም። ውልና ማስረጃ የሚባል ቢሮም አልነበራቸውም። የነበራቸው ዳዊት ነው። ወይም የደብራቸው ወንጌል፣ ተአምረ ማርያም፣ ገድል። መጽሐፉ ሲጠረዝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ባዶ ቅጠል ይተዋል። መዝገቡ ያ ባዶ ቅጠል ነው። መሬት ሲሸጥ እዚያ ይጻፋል። ወንድምና እህት ርስት ሲካፈሉ እዚያ ይጻፋል። ለደብሩ ጉልት ሲሰጥ፣ ዕዳ ሲከፈል፣ ነፍስ ሲገደልና ጉማ (የደም ካሳ) ሲከፈል፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ሲቆጠር፣ ሁሉም እዚያ ይሰፍራል።

ይህ ዝም ብሎ ወረቀት ከመጥፋቱ የመጣ ልማድ አይደለም። መጽሐፉ የተቀደሰ ነው፤ ማንም አውጥቶ አይጥለውም። የተጻፈበትን መፋቅም ግዝት አለበት። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚለውን ቃል በብዙ ብራና ላይ ታገኙታላችሁ። ለውል ከዚህ የበለጠ ማኅተም ከወዴት ይመጣል?

አንድ የታወቀ ምሳሌ ልስጣችሁ። ወሎ ውስጥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባለው መጽሐፍ የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ነው። ወንጌሉ ላይ ለገዳሙ ስለተሰጡ ስጦታዎች ማስታወሻ ሰፍሮበታል። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዘመን ብዙ ያወቁት ከእነዚህ ማስታወሻዎች ነው። ፎቶው ኮሌጅቪል አለ፤ የፊልም ቁጥሩ 1832 ነው። የገዳም ንብረት እንዲህ ከተጻፈ የጭቃ ሹሙም፣ የገበሬውም፣ የባልቴቷም ርስት በየአጥቢያው ዳዊት ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

አሁን ይህ ሁሉ እንዴት ሚኒሶታ ገባ? ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት የሴንት ጆንስ ገዳም የካቶሊክ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነው። ኮሌጁን፣ ማለትም የዛሬውን ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የመሠረቱት በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መነኮሳቱን አንድ ስጋት ያዛቸው። ሌላ ጦርነት ቢነሳ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት አንድም ሳይቀሩ ይቃጠላሉ የሚል ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም፣ ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ ማንሳት ጀመሩ። ኢትዮጵያ የገባችበት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም ገብቶበት የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ሥራው ግን አልቆመም። በደርግ ዘመንም ቀጥሎ በመጨረሻ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍት ተነሱ። የደብርም፣ የገዳምም፣ በግለሰብ ቤት የነበረም አለበት።

ልብ በሉ፣ ብራናው አልወጣም። ወደ ሚኒሶታ የሄደው ፎቶው ነው። ዳዊቱ ከባለቤቱ እጅ ሳይለይ እዚያው ቀረ። ይህን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ። የአገራችን ብራና ስንቱ በዘራፊና በነጋዴ እጅ ሾልኮ እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ይህኛው ሥራ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የተሰረቀ፣ የተቃጠለ፣ በአይጥና በዝናብ ያለቀ መጽሐፍ ቢኖር፣ የቀረው ብቸኛ ምስክር ይህ ፊልም ሊሆን ይችላል። በተለይ እኛ የምንፈልጋቸው ቅጠሎች። መጽሐፍ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚገነጠለው ከገበታው አጠገብ ያለው ነውና።

ስለ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ሸንኮራ ተወልደው፣ ካይሮና ጀርመን ተምረው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኩሰው መቷቸው። ከዚያ በኋላ በእግራቸው ቆመው አልሄዱም። በዓመቱ ኮሌጅቪል መጡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ፊልሙን ቅጠል በቅጠል እያነበቡ ካታሎግ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ዊልያም ማኮምበር የተባሉ ምሁር አብረዋቸው ሠርተዋል። የታተሙት 10 ጥራዞች እስከ ቁጥር 5000 ያሉትን መጻሕፍት ይሸፍናሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ማካርተር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ላይ እያሉ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው የእሳቸው ሥራ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ካታሎጉ የመጽሐፉን ርእስ ብቻ ጽፎ አያልፍም። ባዶ ቅጠል ላይ ያለውን ማስታወሻም ይቆጥራል። በዚህ ቅጠል ፊት ላይ የመሬት ሽያጭ አለ፣ በዚያኛው ጀርባ ላይ የትውልድ ቁጥር አለ፣ ይላል። ሌላ ሊቅ ቢሆን መዝሙረ ዳዊት ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ባላገሩ የጻፈውንም አነበቡት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ድረ ገጹ ላይ በስምና በኢሜይል ትመዘገባላችሁ። ከዚያ ሪዲንግ ሩም የሚለው ክፍል ውስጥ ገብታችሁ በአገር፣ በከተማ፣ በቋንቋ፣ በክፍለ ዘመን፣ መጽሐፉ በተነሳበት ደብር ወይም ባለቤት እያጠበባችሁ ትፈልጋላችሁ። ምስሉ የተጫነለት መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይከፈታል፤ አጉልቶ ማየት ይቻላል። ስልክ ላይ ይሠራል፤ ግን ሰፋ ያለ ስክሪን ይሻላል፤ ዓይናችሁን አትጉዱ። በኋላ የተጨመሩ ባለቀለም ዲጂታል ስብስቦችም አሉ። ጥራታቸው ያስደንቃል፤ የብራናው ጠጉር የነበረበት ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል።

የቀነስኩት ግማሽ ኮከብ እዚህ ላይ ነው። ካታሎጉ በእንግሊዝኛ ነው። የደብርና የሰው ስም የሚጻፈው ሊቃውንት በሚጠቀሙበት የላቲን አጻጻፍ ነው፤ ፊደሉ ላይ ሰረዝና ነጥብ አለው። እኛ በፓስፖርታችን ላይ እንደምንጽፈው ብትጽፉ ብዙ ጊዜ አይመጣላችሁም። አባቴ ወይም አጎቴ ቢገቡበት ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም። የመጽሐፉ ባለቤቶች ልጆች በገዛ ፊደላቸው የሚፈልጉበት አንድ ሳጥን ቢጨመርበት ስንት ሰው ይጠቀም ነበር! ማይክሮፊልሙ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የቅዱሳኑ ስም፣ የምዕራፉ መጀመሪያ፣ ሁሉም ይደበዝዛል። ይህ የዘመኑ ቴክኖሎጂ ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም። ግን እወቁት።

መላው ይህ ነው። ስም አትፈልጉ፤ ቦታ ፈልጉ። ወረዳችሁን፣ አጥቢያችሁን በሁለትም በሦስትም ዓይነት ስፔሊንግ ሞክሩ። ከዚያ መሬት፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ የትውልድ ሐረግ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ጨምሩ። ምስሉ ከተከፈተላችሁ ደግሞ ካታሎጉን ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ራሳችሁ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች እዩ። ዳዊት ከሆነ መዝሙሩ፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ አንቀጸ ብርሃኑ ካለቀ በኋላ ያለውን አትዝለሉ።

እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ከእናቴ አገር አካባቢ የተነሳ ዳዊት ነው። የደብሩን ስምና ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ ርስት ያለበት ነገር ስለሆነ ከዘመድ ሳልማከር አደባባይ አላወጣም። አንቀጸ ብርሃን በንጹሕ ቁም ጽሕፈት ያልቃል። ጸሐፊው እጁ አይንቀጠቀጥም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። በሚቀጥለው ቅጠል ላይ ግን ሌላ እጅ ገባ። ፊደሉ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው፤ አንዳንዱ ትልቅ፣ አንዳንዱ ትንሽ። ቅጠሉ መሀል ላይ ቀዳዳ አለ። ቆዳው ሲወጠር የተቀደደ ነው፤ በጅማት ሰፍተውታል፤ የስፌቱ ጥላ በፊልሙ ላይ ሳይቀር ይታያል። የጻፈው ሰው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ዘሎታል። «በስመ አብ» ብሎ በግእዝ ይጀምርና ሁለተኛው መስመር ላይ ወደ አማርኛ ይገባል። እነ እገሌ ርስታቸውን ሲካፈሉ ይላል። ከወንዙ ወዲህ ለእገሌ፣ ከሾላው ወዲያ ለእገሊት። ከዚያ ዳኛ፣ ዋስ፣ እማኝ። እማኞቹ ተደርድረዋል፤ የደብሩ አለቃ አለበት፤ ገበዙ አለበት።

እንዳነበብኩት እንዳይመስላችሁ። ያየሁት ፊደሉን ነው። ሙሉውን ያነበቡልኝ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ታብሌቱን ይዤ ቀረብኩ።

«መሪጌታ፣ እባክዎ ይቺን ትንሽ ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «ይህን ደብተራ አልጻፈውም። ቸኩሏል። ዳኛው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስኬዱ። «ወለተ የሚለውን አየሽው ልጄ? ይቺ ባለርስት ናት። እኩል ነው የደረሳት። ወንድሟ ከወንዙ ወዲህ፣ እሷ ከሾላው ወዲያ።»

ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ነው የነካኝ። ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት ትወርስ እንደነበር በታሪክ ትምህርት ሰምቻለሁ። ስሟ ተጽፎ፣ እማኝ ተቆጥሮላት፣ ድንበሯ ተለይቶ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቴ «የሴት አያቴ መሬት ነበራት» ስትል ሰው ሁሉ የባሏ ነው ይላት ነበር።

ግን ያቺ ወለተ እገሊት የእኛ ናት ወይ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ሰነዱ የሚጽፈው የክርስትና ስም ነው። ቤተሰቡ የሚያውቀው የዓለም ስም ነው። ጥሩነሽ፣ አስካለ፣ በላይነሽ እያላችሁ ብትፈልጉ ዘመናችሁን ትጨርሳላችሁ። ደብረ ብርሃን ላሉት አጎቴ ደወልኩ። ሰማንያ ተሻግረዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ልባቸው ብሩህ ነው።

«ጋሼ፣ የእማማ እናት የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

«ምን አስበሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወዲያው ጠሩት። እንዴት አስታወሱት ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል፤ እኔም ገርሞኝ ጠየቅኋቸው። «ተዝካሯን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ? ቄሱ በምን ስም ይፍታት?» አሉ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ስለዚህ ምክሬን ያዙ፦ የክርስትና ስም የሚያውቀው ሰው ልደት ያከበረው አይደለም፤ ተዝካር የደገሰውና የነፍስ አባቱ ናቸው። ቤታችሁ ውስጥ ሰንበቴ ወይም ሙት ዓመት የሚያሰናዳው ማን እንደሆነ አስቡና መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ስሙ ገጠመ። የወንድሟም ገጠመ። ያም ሆኖ በአንድ አጥቢያ ወለተ እንዲህ የምትባል ሴት አንድ ብቻ አትሆንም። ስለዚህ ዘመኑን መያዝ ነበረብን። ማስታወሻው ዓመተ ምሕረት አይጠቅስም። ንጉሡ ምኒልክ፣ ጳጳሱ ማቴዎስ፣ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ይላል። ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ይመጣል። በዐፄ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘመን ውስጥ 1883፣ 1887፣ 1891፣ 1895፣ 1899 እና 1903 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ናቸው። ከእነዚህ የትኛው? መሪጌታ ወደ ታች ወርደው አንዲት ሐረግ አገኙ። «ከአድዋ በተመለስን በሦስተኛው ዓመት» ትላለች። ዘማቹ የተመለሰው በ1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ 1891። አጎቴ ዘንድ እንደገና ተደወለ። የሴት አያታቸው አባት አድዋ ዘምተው እንደነበር፣ ከተመለሱም በኋላ ብዙም ሳይቆዩ እንዳረፉ ነገሩን። ርስት የተካፈሉት እንግዲህ አባታቸው ሲሞቱ ነው።

ይህን ሁሉ ከአገልግሎቱ ጋር አያይዤ የምናገረው ለምንድን ነው? ቤተ መጻሕፍቱ ፎቶውንና ካታሎጉን ይሰጣችኋል፤ ያንንም በሚገባ ይሰጣል። ሰነዱን ግን የቤተሰብ ሰነድ የሚያደርገው አጎታችሁ ነው። ስልክ የሚያነሳ ሽማግሌ ሳይኖራችሁ ብትገቡ የማታውቁት ሰው የርስት ክርክር አንብባችሁ ትወጣላችሁ። እሱም ደስ ይላል፤ ግን የሄዳችሁበትን አታገኙም።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። እንደ ቤተሰብ ጉዞ ካያችሁት ደስ የሚል ነው። በ94 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምዕራብ ትነዳላችሁ፤ ሴንት ክላውድን ታልፋላችሁ። ከሩቅ የሚታያችሁ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። አርክቴክቱ ማርሴል ብሮየር የነደፈው ትልቅ የኮንክሪት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የብራና ቤተ መጻሕፍቱ ከኮሌጁ ዋና ቤተ መጻሕፍት ሥር ነው፤ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ዐውደ ርእይ አላቸው። ልጆቼን የማረካቸው በእጅ የተጻፈው የሴንት ጆንስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዘመናችን በጥጃ ቆዳ ላይ በላባ ብዕር የተጻፈ ነው። ትንሿ ልጄ «ይሄ እንደ ሐበሻ ነው» አለች። አላረምኳትም።

ለምርምር የምትሄዱ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትሂዱ። አስቀድማችሁ ጻፉ። የምትፈልጉትን ቁጥር፣ ቦታና የምትፈልጉበትን ምክንያት ግለጹ። እኔ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ምሁር አይደለሁም» ብዬ ነው የጻፍኩት። የመለሱልኝ በአክብሮት ነው፤ ከየትኛው ጥራዝ ብጀምር እንደሚሻል ሳይቀር ጠቁመውኛል። ስደርስ የታተሙትን ካታሎጎች አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። ድምፅ የሌለበት ክፍል ነው፤ ማንም አያጣድፋችሁም። ይህንን የምለው ሌላ ቦታ፣ ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ የእናቴን የልደት መረጃ ፍለጋ ሄጄ መስኮት ላይ ስንት ቀን እንደተንከራተትኩ ስለማውቅ ነው።

ቅር ያለኝን አልደብቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ከአገሬ ሰው ማንም አልነበረም። መንታዎቹ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ውስጥ ስንት ሺህ ሐበሻ አለ፤ ስንት ማኅበር፣ ስንት ዕድር አለን። ለአዲስ ዓመት አውቶቡስ ተከራይተን መናፈሻ እንሄዳለን። አንዱን ቅዳሜ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር፣ አንድ መሪጌታ ይዘን፣ ቀጠሮ አስይዘን ብንሄድ ምን አለበት? ልጆቹ ግእዝ አያነቡም፤ ድረ ገጹን ግን ከእኛ ይልቅ ያውቁበታል። እኛ ደግሞ ስሙን እናውቃለን። አብሮ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሌላው ነገር፣ ከ1966 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ዳዊታቸውን ለፊልም ያስነሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ «አንድ ጊዜ መጽሐፋችንን ፎቶ አነሱት» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የባለቤቱን ስም በጊዜው እንደተጻፈው፣ ቀበሌውን በድሮው አጠራሩ አስቡና ፈልጉ። ወረዳና አውራጃ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። ካታሎጉ የሚያውቀው መጽሐፉ በተነሳበት ጊዜ የነበረውን ስም ነው። ያገኛችሁ እንደሆነ፣ የባለቤቱ ወገን መሆናችሁንና ስለ መጽሐፉ የምታውቁትን ጽፋችሁ ላኩላቸው። መጽሐፉ ዛሬ የት እንዳለ ካወቃችሁም ጨምሩበት።

እኛ ገና አልጨረስንም። በዚያው ቅጠል ጀርባ ላይ ሌላ ማስታወሻ አለ። ቀለሙ ለቋል፤ ግማሹ የውኃ ነጠብጣብ ወርዶበታል። መሪጌታ «ገንዘብ ነው፤ አሞሌ የሚል ይመስለኛል» ከማለት በቀር ሊገፉበት አልቻሉም። ማይክሮፊልሙን በማንበቢያው መሣሪያ ላይ ብናየው ይሻል እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቀን ቀጠሮ ይዘናል። ከጾሙ በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ አጎቴም በስልክ አሉን። የቡልጋ ሰዎች፣ በተለይ ከአድዋ መልስ ስለነበረ የርስት ክፍፍል ከሽማግሌ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ወይም የአጥቢያችሁን የድሮ ገበዞች ስም በተራ የምታውቁ ካላችሁ፣ እስከዚያው ጻፉልኝ።